የአራት ኪሎው «የፖስትዶክ ፓኬጅ»፦ ለምኑ ይከፈል፣ ለምኑ አይከፈል

አራት ኪሎና ስድስት ኪሎ መሃል ባሉ ኮፒ ቤቶች በር ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ተቀይሯል። ድሮ «ሪሰርች እንጽፋለን፣ እንጠርዛለን፣ ላሚኔት እናደርጋለን» ነበር። አሁን ከሱ በላይ፣ በትልቁ፣ «የፖስትዶክና የውጭ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ሙሉ ፕሮሰስ» የሚል መጥቷል። ፖስትዶክ ማለት ዶክትሬት ከያዙ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ የሚሠራ የምርምር ሥራ ነው። እኔም ዶክትሬቴን ይዤ ሥራ ፍለጋ ላይ ስለሆንኩ አንዱ ጋ ገባሁ፣ ከፈልኩ፣ ተጠቀምኩ። ጓደኞቼ «እንዴት ነው? ይረባል?» እያሉ ስለሚደውሉልኝ አንዴ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው።

የቤቱን ስም አልጠራም። አጠገቡ ያሉትም ያንኑ ፓኬጅ በተቀራራቢ ዋጋ ነው የሚሸጡት፤ አንዱን ብቻ ነጥዬ ብወቅስ ፍትሕ አይሆንም። ከዚህ በታች የምለው ከፊሉ ምስጋና ነው፣ ከፊሉ ደግሞ ብራችሁን ያዙ ነው።

ቤቱ ካፌ ላይ ሁለተኛ ፎቅ ነው። ድሮ ፒያሳ ነበሩ፣ የኮሪደር ልማቱ ሲመጣ ወደዚህ ወጡ። ደረጃው ጠባብ ነው፣ ወንበሩ ጥቂት ነው፣ ተራ የሚጠብቀው ሰው ብዙ ነው። አንድ ነገር ግን ወደድኩላቸው፤ መብራት ሲጠፋ ሥራ አይቆምም። ፖርታል ላይ ረጅም ፎርም እየሞላ፣ «ሴቭ» ሳይል መብራት ሄዶበት ከሀ የጀመረ ሰው ይሄ ምን ያህል እንደሆነ ያውቀዋል።

ስገባ ፕሮሰስ የሚሠራው ልጅ «እህት፣ ምን ልታዘዝ?» አለኝ። ሲቪዬን ከፍቶ ሲያይ ወዲያው ወደ አንቱታ ገባ፤ «ይቅርታ ዶክተር፣ ይቀመጡ»። ዞር ብዬ ሳይ ወንበር ላይ ያለው ግማሹ ሰው ዶክተር ነው። «ዶክተር፣ ተራዎት ደርሷል» ሲባል ሦስት ሰው ቀና ይላል።

መጀመሪያ ምስጋናው። ስካን ላይ የተቀመጠችው ልጅ ጎበዝ ናት፤ ጎበዝ ብቻ ሳትሆን ሥራዋን የምታስብበት ሰው ናት። ዲግሪዬን፣ ቴምፖዬንና ትራንስክሪፕቴን ሰጠኋት። ትራንስክሪፕቱን ገልብጣ ጀርባውን አየችና «ይሄም መግባት አለበት» አለች። ጀርባው ላይ የውጤት አሰጣጡ ማብራሪያ አለ። ውጭ ያለ ሰው የኛን ውጤት የሚያነበው በዚያ ነው፤ እሱ ከሌለ ፊደሉና ቁጥሩ ምን እንደሆነ ከየት ያውቃል? ማኅተሙ በጥቁርና ነጭ ስለማይነበብ በከለር ስካን አደረገችው። ሁሉንም አንድ ፒዲኤፍ አደረገችልኝ፣ ፖርታሉ ከሚፈቅደው መጠን በታችም አወረደችው፣ ጽሑፉ ሳይደበዝዝ። ፋይሉን «ስካን 0017» ብላ አልተወችውም፤ ስሜንና የሰነዱን ዓይነት ጻፈችበት። ይህን ሁሉ የሠራችው ከአንድ ምሳ ዋጋ ባነሰ ነው። አምስት ኮከብ፣ ያለ ክርክር።

ቀን መለወጥ ላይም ያዳነችኝ እሷው ናት። ይሄኛው ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል፤ ምክንያቱም ፖስትዶክ ላይ ቀን ማለት ግማሽ ሥራ ነው።

አብዛኛው ፖስትዶክ «ዶክትሬቱን ካገኘ ከዚህን ያህል ዓመት ያልበለጠ» ይላል። የአውሮፓ ኅብረቱ የማሪ ስክሎዶውስካ ኪዩሪ ፖስትዶክ እስካሁን በወጡት ጥሪዎች ከ8 ዓመት ያልበለጠ ይላል። የጀርመኑ ሁምቦልት ፋውንዴሽን ለፖስትዶክ የሚፈልገው ከ4 ዓመት ያልበለጠውን ነው። ስዊድን ውስጥ ያሉት አብዛኞቹ የዩኒቨርሲቲ ፖስትዶክ ማስታወቂያዎች ደግሞ ማመልከቻው ከሚዘጋበት ቀን ወደኋላ ቆጥረው በ3 ዓመት ውስጥ የተመረቀ ሰው ያስቀድማሉ። ስለዚህ ዲግሪያችሁ ላይ ያለው የኛ ቀን ወደ ፈረንጅ ሲዞር በአንድ ዓመት ከተሳሳተ ወይ ያለ አግባብ ትወድቃላችሁ፣ ወይ የማይገባችሁ ቦታ ገብታችሁ በኋላ ሰነድ ሲመረመር ትጣላላችሁ።

ፕሮሰስ የሚሠራው ልጅ ሁሉንም ቀን 8 እየደመረ ነው የሚሞላው። ያ የሚሠራው ከታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ ጀምሮ እስከ ጳጉሜን ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ የሚደመረው 7 ነው። ሐምሌ 2012 ማለት እ.ኤ.አ. ጁላይ 2020 ነው፤ ኅዳር 2012 ግን ኖቬምበር 2019 ነው። ልጁ የኔን ኅዳር ወደ 2020 ሊወስደው ሲል ስካኗ ልጅ ከወዲያ ሆና «ኧረ ኅዳር በ7 ነው!» አለችው። እሱ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ሌላም አለ። ሴኔት ያጸደቀበት ቀን፣ ዲፌንድ ያደረጋችሁበት ቀንና ጋዋን የለበሳችሁበት ቀን ይለያያሉ። ፖርታሉ የሚፈልገው ዲግሪው የተሰጠበትን ቀን ከሆነ ወረቀቱ ላይ ያለውን ጻፉ፣ ፎቶ የተነሳችሁበትን ቀን አይደለም። ጥርጣሬ ካላችሁ ሬጅስትራር ሄዳችሁ አጽፉ። ሰልፉ ያሰለቻል፣ ግን ያዋጣል።

ሰዓቱም እንደዚሁ ነው። ከኔ አጠገብ የነበረ አንድ ጨዋ ሰውዬ፣ ከክልል ዩኒቨርሲቲ የመጣ መምህር፣ ማመልከቻው «በብራስልስ ሰዓት 17:00» ይዘጋል። ልጁ «ማታ 5 ሰዓት ነው፣ ጊዜ አለዎት፣ ሻይ ጠጥተው ይመለሱ» አለው። 17:00 የፈረንጅ 5 ሰዓት ነው እንጂ የኛ 5 ሰዓት አይደለም! ብራስልስ ከማርች መጨረሻ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ከኛ 1 ሰዓት ወደኋላ ናት፤ ስለዚህ የመስከረሙ 17:00 ለኛ ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው። በቀሩት ወራት ደግሞ ልዩነቱ 2 ሰዓት ስለሚሆን የኛ ከምሽቱ 1 ሰዓት ይሆናል። ሰውዬው ስልኩን አውጥቶ ቆጠረና ሻዩን ትቶ ተቀመጠ። እንደዚያ ባያደርግ የስንት ወር ሥራ በአንድ ስኒ ሻይ ሄዶ ነበር።

አሁን ወደ ፓኬጁ።

ሙሉው 8,000 ብር ነው። ሲቪ፣ ከቨር ሌተር፣ ሪሰርች ስቴትመንት (የሠራችሁትንና ልትሠሩ ያሰባችሁትን ምርምር የሚገልጽ ጽሑፍ)፣ ክፍት ቦታ ፍለጋ፣ ፖርታል መሙላት፣ ለፕሮፌሰሮች ኢሜይል መላክ፣ እና «ሰነድ ኦተንቲኬት ማስደረግ» አለበት። ሙሉውን አልወሰድኩም። ሲቪውን፣ ሪሰርች ስቴትመንቱን፣ ፖርታል መሙላቱንና ክፍት ቦታ ፍለጋውን ለየብቻ ከፍዬ አሠራሁ። ተከራክሬም ትንሽ አስቀነስኩ፣ «ለዶክተር ቅናሽ አለ» አሉ፤ ያ ሁሉ ደንበኛ ዶክተር ከሆነ ቅናሹ ለማን እንደማይሠራ እንጃ።

ሲቪው መልኩ ያምራል። ከለር አለው፣ በግራ በኩል ሰማያዊ ዓምድ አለው፣ ፎቶ አለው፣ ቋንቋ ችሎታዬ በኮከብ ተለክቷል። ለባንክ ሥራ ቢሆን ጥሩ ነበር። ለአካዳሚክ ሥራ ግን ሰው የሚፈልገው ፔፐሮቼን፣ የሠራሁባቸውን መሣሪያዎችና ዘዴዎች፣ ያማከርኳቸውን ተማሪዎች፣ ያገኘሁትን የምርምር ገንዘብ ነው። እነዚያ ሁሉ ሁለተኛው ገጽ ግርጌ ላይ፣ በትንሽ ፊደል፣ «ሌሎች» በሚል ርዕስ ሥር ተቀምጠዋል። የትዳር ሁኔታዬ ግን የመጀመሪያው ገጽ ላይ አለ።

ስሜም ነገር አለው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የራስ፣ የአባት፣ የአያት ነው። ፔፐሮቼ በአባቴ ስም ነው የሚጠሩት፣ ልጁ ግን ፎርሙ ላይ አያቴን የቤተሰብ ስም አደረጋቸው። ፓስፖርቱ ላይ ካለው ጋር እንዲገጥም ነው ያለኝ፤ ምክንያቱ ልክ ነው፣ ውጤቱ ግን አንድ ፕሮፌሰር ስሜን ጉግል ስኮላር ላይ ሲፈልግ ሌላ ሰው ያገኛል ማለት ነው። መፍትሔው ነፃ ነው፤ ኦርኪድ የሚባል የተመራማሪ መለያ ቁጥር አለ፣ 16 አሃዝ፣ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የሚሰጥ። በደቂቃዎች ትከፍታላችሁ፣ ሁሉንም ፔፐር እዚያ ታያይዛላችሁ፣ ሲቪያችሁ አናት ላይ ታስቀምጡታላችሁ። ከዚያ በኋላ አያቴም አባቴም ቢጻፉ ሥራው የኔ መሆኑ ይታያል። ፓኬጁ ውስጥ ይሄ የለም። ልጁን ስጠይቀው ኦርኪድን ሰምቶ አያውቅም።

ሪሰርች ስቴትመንቱ ግን የባሰው ነው። እኔ የውኃ ኬሚስትሪ ነው የሠራሁት። የሰጡኝ ጽሑፍ «ከልጅነቴ ጀምሮ ለሳይንስ ልዩ ፍቅር ነበረኝ» ብሎ ይጀምርና፣ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ የአርሶ አደሩን የኤክስቴንሽን አገልግሎት አቀባበል እንደማጠና ይናገራል። የማን እንደሆነ አላውቅም። ያ ሰው ደግሞ አሁን የኔን የፍሎራይድ ሥራ ይዞ የሆነ ቦታ አመልክቶ ይሆናል፣ እግዜር ይሁነው። ስመልሰው ልጁ ሳይደነግጥ «ቃሉን እንቀይረዋለን ዶክተር» አለ። ችግሩ ቃሉ መሰለው።

እዚህ ጋ ነው ዋናው ነገሬ። እነዚህ ቤቶች ፖስትዶክን እንደ ዲቪ ነው የሚሞሉት። ስም፣ ፎቶ፣ ቀን፣ ላክ፣ ዕድል ጠብቅ። ብዛት ያለው ያሸንፋል ነው ሐሳባቸው። ፖስትዶክ ዕጣ የለውም። አንድ ሰው አለ፣ ላቦራቶሪ ወይም ፕሮጀክት ያለው፣ የተወሰነ ችግር ላይ እየሠራ ያለ፣ የተወሰነ ሙያ የጎደለው። ማስታወቂያ ያወጣው ያንን ጉድለት የሚሞላ ሰው ፍለጋ ነው። ጽሑፋችሁን የሚያነበው እሱ ራሱ ነው፣ እና የመጀመሪያውን አንቀጽ አይቶ የሱን ፔፐር አንብባችሁ እንደሆነና እንዳልሆነ ያውቃል። ይህን ፎቅ ላይ የተቀመጠ ልጅ በ2,500 ብር ሊጽፍላችሁ አይችልም። ስላልፈለገ አይደለም፤ እናንተ ላብ ውስጥ ምን እንዳደረጋችሁ እሱ ከየት ያውቃል?

በራሳችሁ የምርምር ሐሳብ የምትወዳደሩባቸው ፌሎሺፖችም ያው ናቸው። የማሪ ኪዩሪው ብቻችሁን የምትልኩት ማመልከቻ አይደለም፤ አውሮፓ ውስጥ የሚቀበላችሁ ፕሮፌሰርና ተቋም መጀመሪያ መገኘት አለበት፣ ፕሮፖዛሉን አብራችሁት ነው የምትጽፉት። ዋናው ክፍል 10 ገጽ ነው፣ ነጥቡም 50 በመቶ ለሳይንሱ ጥራት፣ 30 ለሚያመጣው ለውጥ፣ 20 ለአፈጻጸሙ ነው። ማመልከቻው አብዛኛውን ጊዜ በፈረንጅ ኤፕሪል አካባቢ ይከፈትና ሴፕቴምበር ላይ ይዘጋል። ዜግነት አይከለክልም፤ ግን ባለፉት 36 ወራት ውስጥ ከ12 ወር በላይ የምትሄዱበት አገር ኖራችሁ ከሆነ አይሆንም። ሌላም ልብ በሉ፤ ነጥቡ ከተወሰነ መጠን በታች የሆነ ሰው (እ.ኤ.አ. በ2025 ጥሪ 70 በመቶ ነበር) በቀጣዩ ዓመት በዚያው ተቋም በኩል ተመልሶ መግባት አይችልም። «ግድ የለም፣ ዝም ብለን እንላክ» የሚለው ምክር እዚህ ጋ ዋጋ ያስከፍላል። ልጁ ይህን ሕግ አያውቀውም ነበር፤ «ዘንድሮ ካልሆነ ለከርሞ እንደግመዋለን» ነው ያለኝ።

ሁምቦልት እንደ ማሪ ኪዩሪው በዓመት አንድ ቀነ ገደብ የለውም፤ ቆይታው ከ6 እስከ 24 ወር ነው። እሱም ግን ጀርመን ያለ አስተናጋጅ ፕሮፌሰር ስለናንተ ካልጻፈ አይሄድም። የስዊድኖቹ ደግሞ ተራ ሥራ ቅጥር ናቸው፣ ብዙውን ጊዜ 2 ዓመት፤ ደመወዝ አለ፣ ግብር አለ። እንደ ሁምቦልቱ ያለ ፌሎሺፕ ግን የኪስ ገንዘብ ነው፣ እንደ ቅጥር ጡረታ የለውም። ቤተሰብ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ልዩነት ቀድማችሁ ጠይቁ። በነገራችን ላይ ስዊድን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስታመለክቱ ማመልከቻችሁ የሕዝብ ሰነድ ይሆናል፣ የጠየቀ ሰው ሊያየው ይችላል። የኔ ቢሮ ኃላፊ አይሰማም ብላችሁ አትማሉ።

የኢሜይሉ አገልግሎት እንዴት እንደሚሠራ ስጠይቅ «ለ100 ፕሮፌሰር እንልካለን፣ የጂሜይል ፓስወርድዎን ብቻ ይስጡን» አሉኝ። ወገኖች፣ ፓስወርድ አትስጡ። ባንካችሁ፣ ቴሌግራማችሁ፣ ሁሉ ነገራችሁ እዚያ ውስጥ ነው። ደግሞስ «ዲር ሰር» ብሎ ለመቶ ሰው አንድ ዓይነት ጽሑፍ የላከ ሰው መልሱ ምን ይሆናል? ፕሮፌሰሯ ሴት ናት፣ «ዲር ሰር» ትባላለች፤ ከዚያ ቀጥሎ ያለውን አታነበውም። ለጥቂት ሰው፣ እያንዳንዱን አንብባችሁ፣ አጭር ጽፋችሁ ላኩ። የምን ሥራችሁ ከምን ሥራው ጋር እንደሚገናኝ በሁለት ዓረፍተ ነገር ከተናገራችሁ ይበቃል።

ሪኮመንዴሽን ላይ ያሉኝ ደግሞ አስደነገጠኝ። «አማካሪዎ ቢዚ ከሆኑ እኛ በስማቸው ኢሜይል ከፍተን እንጽፋለን።» ይሄ እንኳን አገልግሎት ሊሆን፣ ወንጀል ነው። ፕሮፌሰሮች ይተዋወቃሉ፤ አንድ ስልክ ብቻ ነው የሚቀረው። አማካሪያችሁ ጋ ደውሉ። አዎ፣ ስልክ አያነሱም፣ ስብሰባ ላይ ናቸው፣ አውቃለሁ። የኔ ፕሮፍ በቢሮ ሰዓት ሳይሆን ጠዋት በጊዜ ነው የሚገኙት፣ ሌላ ሰው ሳይቀድም። «ፕሮፍ፣ ከፖርታሉ ሊንክ ይመጣልዎታል፣ ስፓም ውስጥ ሊገባ ይችላል» ብላችሁ ማስታወቂያውንና ሲቪያችሁን አብራችሁ ስጧቸው። ቀኑ ሲቃረብ እንደገና አስታውሱ። አይቀየሙም፤ እሳቸውም በዚሁ መንገድ አልፈዋል።

ኦተንቲኬሽኑም አሁን አያስፈልግም። አብዛኛው ፖርታል ሲታመለከት የሚፈልገው ስካን ነው። የውጭ ጉዳይ ማኅተሙ፣ ሰልፉና ክፍያው የሚመጣው ተቀባይነት ካገኛችሁ በኋላ ነው፣ ያውም ከተጠየቃችሁ። አይኤልቲኤስ የሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተናም እንዲሁ፤ ፖስትዶክ ላይ የሚጠይቁት ጥቂቶች ናቸው፣ ማስታወቂያውን ሳታነቡ ለፈተና እንዳትከፍሉ።

ከፓኬጁ ጎን ደግሞ በጓሮ የሚሸጥ ነገር አለ፤ «ፔፐርዎን በአንድ ሳምንት ጆርናል ላይ እናወጣለን»። ገንዘቡ በዶላር ነው የሚታሰበው፣ እነሱ በብር ይቀበሏችኋል። እንዲህ ያሉትን፣ ገንዘብ ተቀብለው ሳይገመግሙ የሚያወጡ «አዳኝ ጆርናሎች» በስም እየዘረዘረ ያወጣ የነበረው ጄፍሪ ቢል የሚባለው የኮሎራዶ ዴንቨር ዩኒቨርሲቲ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ነበር፣ ዝርዝሩ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2017 ከድረ ገጹ ወረደ። ጆርናሎቹ ግን አልወረዱም። በሳምንት የሚገመግም ጆርናል አልገመገመም ማለት ነው፤ መራጩ ኮሚቴም ስሙን ሲያይ ይገባዋል። ዶአጅ የሚባለው የክፍት ጆርናሎች ማውጫ ነፃ ነው፣ እዚያ ፈልጉ። እኛ ኬሚስቶች ደግሞ የራሳችን አለን፤ የኢትዮጵያ ኬሚካል ሶሳይቲ ቡለቲን እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ ይወጣል፣ ዓለም አቀፍ ማውጫዎች ውስጥም አለ። ጊዜ ይወስዳል፤ የሚያስከብረውም እሱ ነው።

ክፍት ቦታ ፍለጋውስ? እሱም ለብር የሚሆን አይደለም። ልጁ የሚከፍተው ዩራክሰስን ነው፣ የአውሮፓ ኮሚሽን ነፃ ፖርታል ነው፣ እናንተም ትከፍቱታላችሁ። የሙያ ዘርፋችሁንና አገሩን መርጣችሁ ማስታወቂያ በኢሜይል እንዲመጣላችሁ ማድረግ ይቻላል። ልጁ ያደረገልኝም ይህንኑ ነው፣ ግን በራሱ ኢሜይል።

ከአዲስ አበባ ሳትወጡ የሚገኝም አለ፣ ይህን ደግሞ ፓኬጁ ጭራሽ አያነሳውም። እኛ አገር ዶክትሬት የያዘ ሰው የሚገባበት መደብ ብዙውን ጊዜ ረዳት ፕሮፌሰር ስለሆነ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ፖስትዶክ ብለው ማስታወቂያ የሚያወጡት ከስንት አንዴ ነው። ሪፖርተርና አዲስ ዘመን ላይ «በተቋሙ ስኬል መሠረት፣ በ10 ተከታታይ የሥራ ቀናት ውስጥ፣ ኦሪጅናልና ኮፒ ይዘው» የሚለውን ነው የምታገኙት። ምርምር ብቻ መሥራት የሚፈልግ ሰው ግን ጉርድ ሾላ ያለውን ኢልሪን ይመልከት፤ ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም፣ ናይሮቢና አዲስ አበባ ላይ ያለ፣ የድሮው ኢልካ (አዲስ አበባ የነበረው የአፍሪካ የእንስሳት ማዕከል) እ.ኤ.አ. በ1994 ከናይሮቢው ተቋም ጋር ተዋህዶ የተፈጠረው። የፖስትዶክ ሳይንቲስት ቦታ ያወጣሉ። ጤና ላይ ያላችሁ ደግሞ ዘነበወርቅ፣ አለርት ግቢ ያለውን አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ተከታተሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1970 ለሥጋ ደዌ ምርምር ተቋቁሞ አሁን ብዙ በሽታ ላይ ይሠራል። ሴቶች፣ ኦደብሊውኤስዲ የሚባለው የሴት ሳይንቲስቶች ድርጅት ለጀማሪ ተመራማሪዎች የሚሰጠው ፌሎሺፕ እስከ 50,000 ዶላር የሚደርስ የምርምር ገንዘብ አለው፤ ከአገር አትወጡም፣ እዚሁ ላባችሁን ነው የምታቋቁሙበት። ጥሪው ሲወጣ እንዳያመልጣችሁ።

የኢልሪ ማስታወቂያ ግርጌ ላይ ያለችውን ነገር ደግሞ ሁሉም ሰው ቢያነባት ደስ ይለኛል። በየትኛውም የቅጥር ደረጃ ክፍያ አንጠይቅም፣ የአመልካቾች የባንክ ሒሳብም አይመለከተንም ትላለች። ይህቺን መለኪያ አድርጉ። ፖስትዶክ ይከፍላችኋል እንጂ አትከፍሉትም። «ቦታው ተይዞልዎታል፣ የማረጋገጫ ብቻ ይላኩ» የሚል የቴሌግራም መልእክት ከመጣ ዝም ብላችሁ ብሎክ።

ኮምፒውተርና ኢንተርኔት የሌለው ሰውስ? አብርሆት ቤተ መጻሕፍት እዚያው አራት ኪሎ ነው፣ በ2014 የተከፈተው፣ ነፃ ነው። ጸጥ ያለ ነው፣ ወንበሩ ይመቻል። ሪሰርች ስቴትመንቴን እንደገና የጻፍኩት እዚያ ቁጭ ብዬ ነው፣ ከዚያ የዶርም ጓደኛዬ የነበረች ልጅ አነበበችልኝና ግማሹን ሰረዘችው። ፓኬጁ ውስጥ ሰው ጽሑፋችሁን አንብቦ «ይሄ አልገባኝም» የሚላችሁ የለም። የሚያስፈልጋችሁ ግን እሱ ነው።

ለማንኛውም ነጥቤ ይህ ነው፤ ስካን፣ ኮፒ፣ ፒዲኤፍ ማዋሃድ አምስት ከአምስት። መብራትና ኢንተርኔት አራት። ሲቪ ሁለት፣ ለውበቱ። ፖርታል መሙላት አንድ፣ እሱም አጠገቡ ተቀምጣችሁ እያንዳንዱን ቀንና ስም ካያችሁ። ሪሰርች ስቴትመንት፣ ኢሜይልና ሪኮመንዴሽን ዜሮ። መስተንግዷቸው ግን ጥሩ ነው፣ ልጁም ክፉ ሰው አይደለም፤ የማያውቀውን ሥራ እንዲሸጥ ተደርጎ ነው። ለአገር ውስጥ ማስታወቂያ ኮፒ ቢያነሳላችሁ እንከን አይወጣለትም።

የምትሄዱ ከሆነ ጠዋት ሂዱ። ከሰዓት ተማሪዎች ለጥረዛ ይሰለፋሉ፤ ግንቦትና ሰኔ ላይማ አትሞክሩት። ፍላሽ አትሰኩ፣ የነሱ ኮምፒውተር ቫይረስ አለው፣ በቴሌግራም ለራሳችሁ ላኩ። ስትጨርሱ ደግሞ የፓስፖርታችሁንና የዲግሪያችሁን ስካን ከዴስክቶፑ ላይ አስጠፉ፣ ሪሳይክል ቢኑንም ጭምር። እኔ ስቀመጥ የሌላ ሦስት ሰው ፓስፖርት ስክሪኑ ላይ ተዘርግቶ ነበር።